የአባዬ ጎመን በእማዬ መደብ

እማዬና አባዬ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የተጣሉት በአንዲት ቁራጭ መሬት ነው። ሌላ ጠብ ነበረ ቢባል እንኳ እኔ አላስታውስም። መሬቷ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ በውኃ ሮቶውና በጎረቤት አጥር መካከል ያለች ናት። ሁለት አልጋ ብታስገቡባት ለሦስተኛው ቦታ የላትም። እማዬ መድኃኒት ትተክልባታለች፤ አባዬ ጎመን ሊተክልባት ይመኛል።

"በዚህ ግቢ ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ቦታ ብቻ ነው" ይላል አባዬ።

"መድኃኒት ፀሐይ አይወድም ያለህ ማን ነው?" ትላለች እማዬ።

"አንድ ጥግ ብቻ ልቀቂልኝ።"

"ዛሬ ጥግ፣ ነገ መሐል። አውቅሃለሁ!"

ይኼ ሁሉ በአማርኛ ነው። በእኛ ቤት ጠብ በአማርኛ፣ እርቅ በሲዳምኛ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ምናልባት አማርኛው የቢሮና የቀበሌ ቋንቋ ስለሆነባቸው ለክርክር ይመቻቸው ይሆናል። ጠቡ ሲበርድ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ቋንቋው ይቀየራል፣ አንዳቸው ይስቃል። እኔና ወንድሜ ታዲያ "ታረቁ" እንባባልና ወደ ቴሌቪዥናችን እንመለሳለን። አባዬ ያችን ጥግ አንድም ቀን አላገኛትም።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ወንበርና የመኪና ጎማ እያስረከበ ጡረታ ወጣ። ነገር ግን ተወልዶ ያደገው ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ገጠር ቡሹሎ ስለሆነ "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ" ማለት ይወዳል። ደም ግፊቱን ሲለኩት እንኳ ለነርሷ ይነግራታል። እማዬ ይኼን በሰማች ቁጥር "የዶክተር ልጅ ሁሉ መርፌ ይወጋል እንዴ?" ትለው ነበር። እሱም "ቆይ፣ አንድ ቀን ጎመኔን ስትበዪ እናያለን" ይላል።

የእማዬ መደብ ላይ ዳማከሴ ነበረ፣ ጤና አዳም ነበረ፣ ከሁሉ በላይ ግን አሪቲው ነበር የነገሠው። አመድማ ቅጠሉን አንዴ የነካ ሰው እጁ ሲሸት ነው የሚውለው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብተሬ ሁሉ አሪቲ አሪቲ ይሸት ነበር። ሆዱን የቆረጠው፣ ብርድ የመታው፣ ልጇን ያሳለባት ሁሉ የእኛን በር ያንኳኳል። እማዬ ትንበረከክና ቅጠሉን ትቀነጥሳለች፤ ቆማ ቀንጥሳ አታውቅም። ሥር ያለው ችግኝ ለሚፈልግም ከነአፈሩ ነቅላ ትሰጣለች። ሕጓ አንድ ብቻ ነው፦ አታመስግኑኝ።

"ካመሰገንሽኝ አይሠራልሽም" ትላለች። "ዝም ብለሽ ይዘሽ ሂጂ።"

ይኼን ሕግ ከማን እንደወረሰችው እንጃ። ከእናቷ ነው ትላለች፤ እኔ ግን ምስጋና ስለሚያሳፍራት የፈጠረችው ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ኅብረቷ አንዲት ሴት መጥታ "እኅቴ፣ ይኼ ቅጠላ ቅጠል ከባዕድ አምልኮ ጋር አይገናኝም ወይ?" ብላ ጠየቀቻት። እማዬ "ለምን? ቅጠሉን የፈጠረው ሌላ ሰው ነው?" አለቻት። ከጥቂት ቀን በኋላ ያችው ሴት ጉሮሮዋ ተዘግቶ በነጠላ ተሸፋፍና መጣች። እማዬ አንድ እፍኝ ሰጥታ "እንዳታመሰግኚኝ" ብላ ሸኘቻት። ሴትየዋማ ብትፈልግም ድምፅ አልነበራትም።

እኔ በከተማችን ፒያሳ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ስለዚህ እኔና እማዬ ተፎካካሪዎች ነበርን። የሰፈራችን ሰዎች እኔ ጋ ይመጡና ስለ ሽሮፑ በዝርዝር ያስረዱኛል፤ ዋጋውን ሲሰሙ "ለማንኛውም እስቲ እናትሽን ላማክራቸው" ብለው ይወጣሉ። ማታ ቤት ስገባ "ዛሬስ ስንት ደንበኛ ነጠቅኩሽ?" ትለኛለች። የማንስማማው በመጠን ነበር። እኔ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እላለሁ፤ እሷ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ታየውና ቅጠሉን በጣቷ ትመትራለች፣ በቃ። "መድኃኒት መጠኑን ካለፈ መርዝ ነው" የምትለዋን ነገር ለደንበኛ ሁሉ ከመደጋገሜ ብዛት የሕንፃው ዘበኛ ራሱ ለሚገባው ሰው ሁሉ ይናገራት ጀመር።

እማዬ በድንገት አረፈች። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ልብ ነው አሉን። ለልብ የሚሆን ቅጠል መደቧ ላይ አልነበረም።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነሣ፣ በራችንን ማንኳኳቱ ግን አልቆመም። ከወዲያኛው ሰፈር መሞቷን ያልሰሙ ሰዎች ልጅ አዝለው ይመጣሉ።

"እናታችን አሉ?"

"የለችም" ይላል አባዬ።

"መቼ ይመለሳሉ?"

አባዬ ፊቱን ወደ መደቡ ያዞራል። በሩን ይዞ ይቆማል። አንዳንዴ እኔ ከውስጥ ሰምቼ እወጣና ለሰዎቹ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም እዚያው በሩ ላይ ያለቅሳሉ፣ እሱም እንደገና ያለቅሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሲብስበት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መደቡን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አሪቲው፣ ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ሁሉም ከነሥሩ ተነቅሏል። አባዬ በላብ ተጠምቆ አካፋውን ተደግፏል።

"የት ጣልከው?" አልኩት። "ለቆሻሻ ጋሪዎቹ ሰጠሃቸው?"

"እንዴት ተደርጎ!" አለ በቁጣ። "የእሷን የእጅ ሥራ ቆሻሻ ጋሪ ላይ አልጭንም።"

ከታትፎ፣ ጥልቅ አድርጎ ቆፍሮ፣ ሥሩንም ቅጠሉንም እዚያው መደቡ ውስጥ ቀብሮታል። አፈሩን በመዳፉ ሲያስተካክል ሳየው ሁለተኛ ቀብር ላይ የቆምኩ መሰለኝና ቦርሳዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ወንድሜ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ ይሸጣል። ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ባዶ አፈር ሲያይ እጁን ይበላዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ሊበላ መጥቶ መደቡን አየ።

"አባዬ፣ ያ ቦታ ከተለቀቀ አንድ ሰርቪስ ክፍል እንሥራበት" አለ። "ተከራይ ይገባበታል። እኅቴ ሥራ ስትውል አንተም ግቢ ውስጥ ሰው ይኖርሃል።"

ክፉ አስቦ አይደለም። ወንድሜ ፍቅሩን የሚገልጸው በብሎኬት ነው፤ ሲያገባም ለሚስቱ መጀመሪያ የሠራላት አጥር ነው። አባዬ ግን ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

"አልተለቀቀም" አለ። "ጎመን ልተክልበት ነው።"

"ሃያ ምናምን ዓመት ተመኝተህ ያላገኘኸውን አሁን?"

"አሁን።"

ወንድሜ እኔን አየኝ፤ እኔ ወጡን አየሁ። ኋላ ብቻችንን ስንቀር አባዬ እውነቱን ነገረኝ። "እዚያ ነበር የምትንበረከከው" አለኝ። "ጠዋት ሻዬን ይዤ ስወጣ ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ሲሚንቶ ካፈሰሱበት በኋላ ምን እያየሁ ልጠጣ?" ይኼን ለልጁ ለመናገር ግን አፈረ። ወንድሜም የዋዛ አልነበረምና በሚቀጥለው እሑድ ነገሩን በውርርድ ቋጨው።

"እሺ አባዬ። እስከ ገና ድረስ ከዚያ መደብ ላይ አንድ ድስት ጎመን ካበላኸን ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ግን በጥር ብሎኬት አስገባለሁ።"

"በለው!" አለ አባዬ እጁን ዘርግቶ። መዳፍ ለመዳፍ ተማቱ። እኔ ምስክር ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ጉድ ነው። አባዬ በሰኔ ዝናብ የሀበሻ ጎመን ዘር ዘራ። ጥቂቱ በቀለ፣ ቢጫ ሆኖ አየን፣ ተመልሶ ተኛ። "ዘሩ ነው" አለ። ሌላ ዘር ገዛ፤ ያም ተኛ። "ዝናቡ ነው" አለ። ከገበያ ያደገ ችግኝ አምጥቶ ተከለ፤ ችግኙ አልሞተም፣ አላደገምም፣ እንደተቀጣ ተማሪ ባለበት ቆመ። በር አጠገብ የወደቀች አንዲት የጎመን ዘር ግን ማንም ሳይነካት ቅጠሏ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ መንገድ ትዘጋብን ነበር! አባዬ እሷን ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

ቀጥሎ የጎረቤት ዶሮዎች ተጠረጠሩ። ጎረቤታችን የስልጤ ነጋዴ ናቸው፤ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከእማዬ ጋር በዚያ አጥር ላይ ተደግፈው ያላወሩት ነገር የለም። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ክሱን ሲሰሙ አጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ወላሂ ጋሼ፣ የእኔ ዶሮዎች አይደሉም! ከመወፈራቸው የተነሣ ከቆጣቸው ለመውረድ እንኳን ሰው ነው የሚለምኑት።"

አባዬ ዶሮዎቹን አየና ክሱን አነሣ።

"እንግዲያው ታሟል ማለት ነው" አለ። እዚህ ላይ ነው የእኛ ቤት ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት የመጣው። በእኛ ቤት የታመመ ምን ይደረግለታል? አሪቲ! አባዬ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረ። የሰፈሩ አሪቲ ሁሉ ከእማዬ መደብ የወጣ ስለሆነ ማንም አልከለከለውም። ባልዲ ሙሉ ዘፍዝፎ፣ አሳድሮ፣ ውኃው እንደ ጠላ ሲጠቁር ለእያንዳንዷ ችግኝ ሥሯ ላይ በኩባያ ያጠጣት ጀመር። "አይዞሽ፣ ይመራል ግን ያሽራል" ይላታል። ችግኟ ትብሳለች፤ እሱ መጠኑን ይጨምራል። እኔም ቀኑን ሙሉ "መጠኑን ካለፈ መርዝ ነው" ስል ውዬ፣ ማታ ባልዲውን እይዝለታለሁ።

የእማዬ የጸሎት ኅብረት ሴቶች ሊያጽናኑት በመጡ ጊዜ ነገሩን ሰሙ። ጉሮሮዋ ተዘግቶ የነበረችው ሴት፣ አሁን ድምፅዋ በደንብ የሚሰማው፣ ወደ መደቡ ወጥታ እጇን ዘርግታ "በኢየሱስ ስም ይህ ጎመን ይነሣ!" ብላ ጸለየች። ከሁሉም አስበልጦ "አሜን!" ያለው አባዬ ነው። ጎመኑ አልተነሣም።

ወንድሜ በበኩሉ እሑድ እሑድ ሜትር ይዞ መምጣት ጀመረ።

"ሜትርህን ከጎመኔ ላይ አንሣ!" ይለዋል አባዬ።

"የቱ ጎመን አባዬ?"

ይኼ ቀልድ መጀመሪያ ላይ ያስቀን ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን አባዬ መሳቅ አቆመ። ጠዋት ሻዩን ይዞ ይወጣና ያችን የከሳች ጎመን እያየ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። እትዬ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ እንዲህ አሉት፦ "ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እስቲ ይንገሩኝ፣ የታመመው ጎመኑ ነው ወይስ እርስዎ?" አባዬ ብርጭቆውን ይዞ ገባ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ሥራ ቦታ ነው። አንድ አባት የትል መድኃኒት ሊገዙ መጡና "ቶሎ እንዲጠራርግልኝ ደርቤ ልዋጠው?" አሉኝ። "ኧረ በፍጹም!" አልኳቸው። "ትሉን የሚያስወጣው ነገር ሲበዛ ትል ይሁን ሰው አይለይም።" ይኼን እንዳልኩ አፌ ተከፍቶ ቀረ። እማዬ የሰፈሩን ልጆች ትል የምታባርረው በምን ነበር? በአሪቲ። ታዲያ ትል የሚያባርር አሪቲ ለጎመን ምን ብሎ ይራራል? አባትየው "ልጄ፣ ደህና ነሽ?" ሲሉኝ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ ሥራው ሲያልቅ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ።

ለአባዬ ምንም ሳልነግረው በእርጎ ኩባያዎች አፈር ሞላሁ። አንዱ መንገድ የምትዘጋው ጎመን የበቀለችበት የበር አፈር ነው፤ አንዱ የእማዬ መደብ አፈር፤ ሌላው ደግሞ የበር አፈር ሆኖ የአባዬን የአሪቲ ውኃ የጠጣ። ቶሎ ስለሚበቅል ሁሉም ላይ ፌጦ በተንኩና የማድቤቱ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። የበሩ አፈር ላይ ፌጦው ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። የእማዬ አፈር ላይ እዚህም እዚያም የጎበጠች አንዳንድ ነገር ብቅ አለች። የአሪቲ ውኃ የጠጣው ኩባያ ራሰ በራ ሆኖ ቀረ።

ከደንበኞቻችን መካከል ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር የሚያስተምር ሰው አለ። ሲመጣ ጠየቅኩት። አንዳንድ ተክል ቦታውን የሚያስከብረው በሥሩ ነው አለኝ፤ ሌላው እንዳይጠጋው አፈሩ ውስጥ የሚለቀው ነገር አለ፤ ተክሉ ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው ይቆያል። "አባትሽ ደግሞ ሥሩንም ቅጠሉንም ቀብረውበት፣ በላዩም አሪቲ አጠጥተውት!" ብሎ ሳቀ። ያልበሰበሰውን አውጡ፣ አገላብጡት፣ ፍግ ጨምሩ፣ ውኃ አጠጡት፤ ዝናቡ ያጥበዋል፣ አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፣ ለገና ትደርሳላችሁ አለኝ። በደስታ ዘለልኩ።

ማታ ኩባያዎቹን አባዬ ፊት ደርድሬ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ራሰ በራውን ኩባያ አንሥቶ አየው፣ አሸተተው። ከዚያ ከሆዱ የመጣ ሳቅ ፈነዳ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶት ግድግዳ ያዘ።

"አልፈቀደችም!" አለ እንባውን እየጠረገ። "ሞታ እንኳን ያችን ጥግ አልለቀቀችልኝም! 'አውቅሃለሁ' ትለኝ የለ? አወቀችኝ!"

ስልኩን አንሥቶ ለወንድሜ ደወለ። "ጎመኑ ያልበቀለው በማን እንደሆነ ታውቃለህ? በእናትህ!" ሲለው ወንድሜ "አባዬ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይኼ ነው!" ሲል ለእኔም ተሰማኝ። አባዬ እንደገና ሳቀ። ስልኩን ዘግቶ ኩባያውን ትንሽ ሲያገላብጥ ቆየና ድምፁን ቀነስ አድርጎ ጠየቀኝ።

"እና ይወጣል?"

"ይወጣል እንጂ! ዝናብ ያጥበዋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም፤ ቀስ እያለ።"

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። እኔ የምሥራች የነገርኩት መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ምን እንዳልኩት ገባኝ። መደቡ ውስጥ እማዬ ገና አለች፣ ያውም በጉልበቷ፤ እኔ ደግሞ እንዴት አድርገን እንደምናስወጣት ነው በደስታ ያስረዳሁት። ቦታውን ከሲሚንቶ ለማዳን እሷን ከአፈሩ ማጠብ ነበረበት።

አጠባት። ያልበሰበሰውን ሥርና ግንድ ቆፍረን አወጣን። አባዬ እያንዳንዱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ ሽታው ያለበትን ይለይና መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ያሰጣዋል። ከቡሹሎ ዘመዶቻችን ፍግ በጆንያ ላኩልን። ውኃ ማጠጣቱ ላይ ግን አባዬ ይለግማል። "ዛሬ ይብቃው፣ ዘንቧል እኮ" ይለኛል። "አባዬ፣ ይኼ ዝናብ ነው? ቄጤማ አያርስም!" እላለሁ። "እንዳይበርደው ብዬ ነው" ይላል። የገበሬ ልጅ ነኝ ባዩ ሰውዬ ለአፈር ብርድ ፈራ! እኔ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ባልዲዬን ይዤ እወጣለሁ፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ሻዩን ይጠጣል። ያኔ ልቤ ያዝንለታል፤ ግን ብሎኬቱ በጥር እንደሚመጣ ስለማውቅ አፈስበታለሁ።

ጥቅምት ላይ ዘራን። ጎመኑ ወጣ፣ ቆመ፣ ቀጠለ። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሰፍቶ አፈሩን ሸፈነው። እኔ ደንበኛ ሁሉ ፊት በስልኬ ፎቶውን አሳይ ነበር። እትዬም በአጥሩ ላይ "ማሻ አላህ፣ ጋሼ ገበሬ ኖረዋል ለካ!" ብለው ሲያሞግሱት፣ ዕድሜውን ሙሉ ይችን ቃል የጠበቀው ሰውዬ "እንግዲህ" ብሎ ብቻ ያልፋል።

ገና ደረሰ። ወንድሜ ከነሚስቱ መጣ። ጎመኑን በቅቤ ሠራሁት፣ ቆጮው ቀረበ፣ ሥጋውም አለ። ድስቱን ከነክዳኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ መደብ የወጣ አንድ ድስት ሙሉ። ወንድሜ በወግ ተነሥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ አንድ ጊዜ ጎረሰ፤ ደገመ።

"አባዬ፣ አሸነፍከኝ" አለ። "ያችን ቦታ ሁለተኛ አላነሣትም። ሜትሬም ይኸው" ብሎ ከኪሱ አውጥቶ አባዬ ሰሐን አጠገብ አስቀመጣት። ሚስቱ አጨበጨበች። "ጎመን በጤና!" አልን ሁላችንም።

አባዬ ጎረሰ። ቀስ ብሎ አኘከ፤ አንድ ነገር የሚፈልግ ይመስል እንደገና አኘከ።

"አይመርም" አለ።

"እንዴ፣ አባዬ! ጎመን ሊመር ነው?" አለ ወንድሜ እየሳቀ።

"ትንሽ እንኳን አይመርም" አለ አባዬ፤ ዓይኑ ሞላ። ተነሥቶ እጁን ሊታጠብ ወጣና ሳይመለስ ቆየ። ወንድሜ ሳቁን አቁሞ እኔን አየኝ። ሰውየው ቦታውን አግኝቶ የቦታውን ባለቤት እንዳጣ እንዴት ብዬ ልንገረው? "ተወው፣ ይመጣል" አልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት አጥሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ። በማድቤቱ መስኮት ሳይ፣ እትዬ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በአጥሩ አሳልፈው ለአባዬ ሲሰጡት አየሁ። አመድማ ቅጠሉ ከፌስታሉ ወጥቷል። ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነው።

"እግዜር ይስ..." ብሎ ጀመረ አባዬ።

"ኧረ ዝም ይበሉ ጋሼ!" ብለው ጮኹበት። "ሊያመሰግኑኝ ነው? አይሠራልዎትም! እሳቸው ይኼን ሲሰጡኝ አፌን ነው የያዙኝ።"

አባዬ አፉን ገጠመ። ወደ መደቡ ሄደ። ከመሐል ከሁሉ የሰፋችውን ጎመን ይዞ መዠረጣት። ከዚያ እግሩን እያመመው፣ ሮቶውን ይዞ፣ ተንበረከከ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

"አባዬ! ምን እያደረግክ ነው? ጎመኑን ሁሉ ያደርቅብሃል እኮ!"

"ያድርቀዋ!" አለኝ ዞር ሳይል። "ቦታው የማን ሆነና!"

አሪቲውን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠ። አፈሩን መለሰ፣ በመዳፉ ዙሪያውን ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ አደረገው። አንድ ቅጠል ቆርጦ አፍንጫው ላይ ያዘ። ከዚያ ጎንበስ እንዳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሲዳምኛ ማውራት ጀመረ።

ታረቁ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።